መምህር ልሳነወርቅና የታንኳው አንቀጽ

በ2012 ዓ.ም.፣ ጥቢው ገብቶ ጣና እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ ነበር። ዝናቡ አባርቷል፤ ጧት ጧት ከሐይቁ የሚነሣው ብርድ ጋቢ ያስደርባል። ያን ጊዜ የሆነውን ዛሬ የምጽፈው መምህር ልሳነወርቅ ስላረፉ ነው። ባለፈው ፍልሰታ፣ ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በአገራቸው በቆላ ድባ አረፉ። ወሬውን የሰማሁት ከቅዳሴ ስወጣ ነው። እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጥሁ፤ ነፍስ ይማር ብዬ ቤቴ ገባሁ።

እኔ ብዙ አላወራም። ሥራዬም የሌላውን ንግግር መጻፍ ነው፤ በባሕር ዳር፣ በክልሉ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሰው አንድ ሰዓት የተናገረውን በሁለት መስመር አስቀምጣለሁ። መምህርን ግን በሁለት መስመር ማስቀመጥ አልቻልሁም።

መምህር የሕዝብ ተወካይ ነበሩ፤ የተፈጥሮ ሀብትና አካባቢ ጥበቃ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢም ነበሩ። አባታቸውም አያታቸውም የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ናቸው። እሳቸውም በልጅነታቸው ዜማ ተምረው፣ ኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው አርጅተዋል። ኮታቸው አንድ ነበር፤ ክርኑ ላይ ተጥፏል። እስክሪብቷቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ስብሰባ ሲጀምሩ ከወንበራቸው ተነሥተው በጣታቸው ሰው ይቆጥራሉ። ምልዓተ ጉባኤው ካልሞላ አይጀምሩም። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ጎድሎ፣ ሌሎቹ "ይመጣል፣ እንጀምር" ሲሏቸው፣ ተነሥተው ወጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጎደለውን ሰው ከምግብ ቤት ክንዱን ይዘው አመጡት፤ ጣቶቹ ላይ ገና ሹሮ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ረቂቅ ሕግ ሲመጣ በዓይን አያነቡም። "ጥሩዬ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊና አንብቢው" ይሉኛል። እኔ አንቀጹን ሳነብ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ምክንያቱን ጠይቄያቸው ነበር።

"ይህን ሕግ የሚያከብረው ሰው አያነበውም፤ ይነገረዋል" አሉኝ። "ሲነገረው የማይገባው ከሆነ እኛ አልጻፍንም ማለት ነው።"

ሥራ በጀመርሁበት ወር የኮሚቴዎቹ ዓይነት ተምታታብኝ። ደብዳቤ ለማይሆነው ኮሚቴ ልኬ ተመለሰ። በኮንትራት የተቀጠርሁ ነኝ፤ ሴት ልጄን ለብቻዬ አሳድጋለሁ፤ ፈራሁ። መምህር ደብዳቤውን አዩና አልተቆጡም።

"ያንች ደብር ሰበካ ጉባኤ አለው?" አሉኝ።

"አለው፣ መምህር።"

"ምን ይሠራል?"

"የደብሩን ነገር ሁሉ ይከታተላል። ዘመኑ እስኪያልቅ።"

"እሱን ቋሚ ኮሚቴ በይው። አንዱ ቋሚ ኮሚቴ ግብርና ይዟል፣ አንዱ በጀት፣ አንዱ ሕግ፣ አንዱ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ። አዋጅ ሲመጣ ይመረምራል፤ መሥሪያ ቤቱንም ዓመቱን ሙሉ ይቆጣጠራል። ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴስ አላችሁ?"

"አለን።"

"እሱ ልዩ ኮሚቴ ነው። ለአንድ ጉዳይ ይቋቋማል፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ሪፖርቱን አቅርቦ ይፈርሳል።"

"የኛ ሕንፃ ካለቀ አምስት ዓመቱ ነው። ኮሚቴው ግን አልፈረሰም።"

መምህር እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "እንግዲያው እናንተ ያላችሁ ሁለት ቋሚ ኮሚቴ ነው!"

ከዚያ ቀጠሉ። ከኮሚቴው ሦስቱ ቆርቆሮ አይታችሁ ኑ ተብለው ሲላኩ ንዑስ ኮሚቴ ናቸው፤ አይተው ይነግራሉ እንጂ አይወስኑም። ሰበካ ጉባኤውና ሰንበት ትምህርት ቤቱ ለጥምቀት አብረው ሲቀመጡ የጋራ ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ በደብዳቤ አንድም ቀን አልተሳሳትሁም። በቀን አቆጣጠር ግን ተሳሳትሁ። ነገሩም ከዚህ ይጀምራል።

በዚያ ጥቢ የሐይቁን ዳርቻና የውሃ ላይ ጉዞን የሚመለከት ረቂቅ አዋጅ ለምክር ቤቱ ቀረበ። አንደኛ ንባቡ ተሰማ። አፈ ጉባኤው በዋናነት ለመምህር ኮሚቴ፣ በተባባሪነት ለሕግ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ መሩት። ሪፖርታችን ለሚቀጥለው ጉባኤ መድረስ ነበረበት፤ ቀኑ ተቆርጧል፤ አይገፋም።

ረቂቁን አነበብሁላቸው። አሥራ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ድገሚልኝ።"

ደገምሁ። "ከደንገል የተሠራ ማንኛውም ታንኳ ሰውም ሆነ ዕቃ ጭኖ በሐይቁ ላይ መንቀሳቀሱ የተከለከለ ነው።"

ጣናን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር ነው። ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል፣ ታንኳ ይሆናል። የዳርቻውና የደሴቱ ሰው እንጨቱን፣ ፍሬውን፣ ራሱንም ወደ ባሕር ዳር የሚያሻግረው በዚህ ነው። የሞተር ጀልባ የሚገዛ ከመካከላቸው የለም።

ረቂቁን ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ባለሙያ ልኮ ነበር፤ ስሙ ሳምሶን። ልጅ እግር፣ ጨዋ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። በአስረጂነት ቀርቦ አስረዳ።

"ታንኳ ሰው ይገድላል፣ መምህር። በየክረምቱ ይሰጥማል። ዘመኑ የሞተር ጀልባ ነው።"

"የሞተር ጀልባ የሌለውስ?"

"አማራጭ ይመቻችለታል።"

"በስንተኛው አንቀጽ?"

ሳምሶን ወረቀቱን አገላበጠ። አላገኘውም።

"አንተን ክፉ ነህ አላልሁም" አሉት መምህር። "ሰው እንዳይሞት ብለህ ነው የጻፍኸው። ግን ታንኳ የሚሠራውን ሰው አላናገርኸውም። እኛም ገና አላናገርነውም። ይፋዊ ውይይት ይጠራ።"

ቀኑን የመቁረጥ ሥራ የእኔ ነበር። የቀሩትን የሥራ ቀናት ቆጠርሁ፤ አዳራሽ ክፍት የሆነበትን ረቡዕ መረጥሁ፤ ማስታወቂያውን ጽፌ፣ መምህርን አስፈርሜ በጀልባ መውረጃው ግንብ ላይ ራሴ ለጠፍሁ። በማግስቱ ለሰው ደርሶ እንደሆነ ለማየት ስወርድ፣ አንዲት ሴት ታንኳዋን ዳር አስይዛ እንጨት ታወርዳለች። አዛሉ ትባላለች፤ በአንዲት የሐይቁ ደሴት ካሉት ታንኳ ሠሪዎች አንዷ ናት። ማስታወቂያው ተነብቦላት ኖሮ ትስቃለች።

"ይህን የጻፈ ሰው አገሩ የት ነው?" አለች።

"ምን ሆነ?" አልሁ።

"ረቡዕ ንግሣችን ነዋ! ደብራችንን የመሠረቱት አባት ያረፉበት ቀን። እንኳን ባሕር ዳር ስብሰባ፣ ጎረቤት ደሴትም የሚሄድ የለም። ቀኑን ሆን ብሎ የመረጠ ነው የሚመስል። ማነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

የያዘችውን እንጨት መሬት አስቀመጠች። በዓላትን ከልጅነቴ አውቃለሁ ብዬ የምኮራ ሴት፣ ያ በዓል በዚያች ደሴት ብቻ የሚከበር በመሆኑ አላወቅሁትም። የሥራ ቀን ስቆጥር የእግዚአብሔርን ቀን አልጠየቅሁም።

ቢሮ ተመልሼ ለመምህር ነገርኋቸው። ሳምሶንም እዚያው ነበር።

"ሌላ ቀን የለንም" አለ ሳምሶን። "በአዳራሹ ይካሄድ። የመጣ ይመጣል። ያልመጣውን 'ተጠርተው አልተገኙም' ብለን ሪፖርት ላይ እናሰፍራለን።"

መምህር መነጽራቸውን አወለቁ። "በንግሣቸው ቀን ጠርቼ አልመጡም ብዬ ልፈርምበት?" አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። "ጥሩዬ፣ ረቡዕ ዕለት ሰዎቹ የት ነው የሚሰበሰቡት?"

"ቤተ ክርስቲያኑ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ከየዳርቻው ያለውም ይመጣል።"

"እንግዲህ ጉባኤውን ጠርተሽልናል ማለት ነው" አሉ። "እኛ እንሄዳለን።"

በበዓል ቀን ስብሰባ ይደረጋል ወይ ብዬ ጨነቀኝ። መምህር ለደብሩ አለቃ መልእክት ላኩ። የአለቃው መልስ በዚያው ምሽት መጣ፦ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር፤ ሰው ስለ ኑሮው ቢመካከር በዓል አይሽርም።

ቀሪው ምልዓተ ጉባኤው ነበር። ኮሚቴው ዘጠኝ አባላት አሉት፤ አምስት ካልተገኙ ስብሰባው ስብሰባ አይደለም። አንዱ ታሟል፣ ሦስቱ ለመስክ ሥራ ወጥተዋል። መምህርን ጨምሮ አራት አባላት ጀልባው ላይ ወጡ፤ ሳምሶንና እኔም አብረን ገባን። አምስተኛዋ ወይዘሮ ዘርትሁን ነበሩ። ከደጋ የመጡ ተወካይ ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሲሰበሰቡ አንድ ቀን እጃቸውን አውጥተው ሲናገሩ አይቼ አላውቅም። ዳሩ ላይ ቆመው አልራመድም አሉ።

"ኧረ እኔ የደጋ ሰው ነኝ! ውሃ በጣሳ ካልሆነ አላውቅም!"

"ወይዘሮ ዘርትሁን" አሉ መምህር ከጀልባው ላይ ሆነው፣ "እርስዎ ከቀሩ አራት ሰዎች ሽርሽር ሄዱ ማለት ነው። እርስዎ ከመጡ ኮሚቴው ሄደ ማለት ነው።"

"ብሰምጥስ?"

"አብረን እንሰምጣለን፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ይዘናል፣ ተመዝግቦ ይቀራል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ዘርትሁን "በስመ አብ" ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ገቡ። እጄን ጨብጠው ደሴቱ እስክንደርስ ውዳሴ ማርያም ደገሙ፤ እኔም አብሬ ደገምሁ። ጣቴ ሁለት ቀን አብጦ ነበር።

ደሴቱ በነጭ ልብስ ተሞልቷል። ሴትም ወንድም የሚሳለምበት ደብር ነው። ቅዳሴ አስቀደስን፤ ታቦቱ ወጥቶ ዞረ፤ እልልታው ውሃው ላይ ይሄድ ነበር። ታቦቱ ከገባ በኋላ አለቃው ሕዝቡን ወደ ዋርካው ሥር አመጡ። መምህር ተነሥተው በጣታቸው ቆጠሩ፤ አምስት። "ስብሰባው ተጀምሯል" አሉ። አንቀጹን አስነበቡኝ።

አነበብሁ። ጩኸት ሆነ። መምህር አላቋረጡም። ሲበርድ አዛሉን "ተናገሪ" አሏት።

"እኔ ምን እናገራለሁ? ይኸ የቢሮ ልጅ አንድ ነገር ያድርግልኝ" አለች፣ ሳምሶንን እያየች። "ና ተነሥ፣ የኔ ወንድም።"

ሁለት ታንኳዎች ነበሩ። አንዱ ዛፍ ላይ ተደግፎ ቆሞ ይደርቃል፤ አንዱ ውሃው ዳር ተኝቷል። "ይህን አንሣው" አለች። ሳምሶን የቆመውን ታንኳ ለብቻው ትከሻው ላይ አወጣው፤ ራሱም ገረመው። "አሁን ያን አንሣው።" ሞከረ፤ አልነቃነቀውም። ሦስት ጎልማሶች ጨመረችለት፤ አራት ሆነው ጫፉን ብቻ አነሡት።

"ሁለቱም በአንድ ልክ የታሰሩ ናቸው" አለች። "ያኛው ውሃ ጠግቧል። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ሲመሽ ካላቆምኸውና ካላደረቅኸው ይጠግባል። የጠገበውን ጭነህ ከሄድህ ማዕበል ሲመጣ አይነሣልህም። ሕጋችሁ ይህን ከዚያ አይለይም።"

ሳምሶን ልብሱን እያራገፈ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። "ባለፈው ክረምት የሰጠመው ታንኳስ?"

አዛሉ ወደ መሬት አየች። "የጠገበ ነበር" አለች። "ወንድሜ ነው። ደረቁን ሌላ ሰው ወስዶበት፣ ገበያ እንዳያመልጠው ቸኩሎ በጠገበው ሄደ። ያን ቀን 'ይህን አትጫን' የሚለው ሕግ ቢኖር የጻፈውን ሰው እግር እስም ነበር። 'ምንም አትጫኑ' ካላችሁኝ ግን የሱንም የኔንም ልጆች በምን ላሳድር?"

እኔ የጻፍሁት ሁለት መስመር አልነበረም። ቃል በቃል ጻፍሁት።

ስንመለስ ወይዘሮ ዘርትሁን ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ሳምሶን ጀልባው አፍ ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ይጽፋል። መምህር ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"የቀኑን ስህተት ጽፈሽዋል?"

"ጽፌዋለሁ።" ደብተሩን አሳየኋቸው። "በጸሐፊዋ ስህተት ውይይቱ በበዓል ቀን ተጠርቶ" ይላል። መምህር አንገታቸው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሡ። "በጸሐፊዋ" የሚለውን ሰረዙት፤ "በኮሚቴው" ብለው ጻፉ፤ ፈረሙበት።

"ማስታወቂያውን የፈረምሁት እኔ ነኝ" አሉ። ደብተሩን ዘግቼ ሐይቁን አየሁ። ዛሬም ድረስ ለዚያች ቃል በጸሎቴ ስማቸውን አነሣለሁ።

ቀጥሎ ያለው የወረቀት ሥራ ነው፤ ድካሙን የሚያውቅ ያውቀዋል። የመምህር ኮሚቴና የሕግ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በጋራ ተቀመጡ። አንቀጹ ተገልብጦ ተጻፈ፦ ውሃ የጠገበ ታንኳ መጫን የተከለከለ ነው፤ የደረቀ ታንኳ በልኩ ሊጭን ይችላል፤ በየመውረጃው ታንኳ ሠሪዎች ራሳቸው የሚመርጡት ተቆጣጣሪ ይኖራል። ከሕግ ኮሚቴው አንዱ፣ "'ውሃ የጠገበ' የሕግ ቃል አይደለም" ብለው ተከራከሩ።

"በትርጓሜው አንቀጽ እናስገባውና ይሆናል" አሉ መምህር። "ሌላ ቃል ብንፈልግለት እዚያ ደሴት የሚረዳው የለም።" ገባ።

ዓርብ ዕለት ጉባኤው ተቀመጠ። መምህር ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን አቀረቡ። አንድ ተወካይ ተነሡ። "ኮሚቴው አንቀጹን ሙሉ በሙሉ ለውጦታል። ሕዝቡን አወያይቷል ወይ? ወይስ እዚሁ ቁጭ ብሎ ነው?"

መምህር ሊመልሱ ሲሉ ከጎናቸው አንድ እጅ ወጣ። የወይዘሮ ዘርትሁን ነበር። ማይክራፎኑን ማብራት አያውቁበትም፤ አበራሁላቸው።

"እኔ ከደጋ ነኝ" አሉ። "ወንዝ ተሻግሬ አላውቅም ነበር። ሐይቅ ተሻግሬ፣ ታንኳውን በዓይኔ አይቼ፣ እናቶችን ሰምቼ መጥቻለሁ። አራት ወንድ ያላነሣውን ታንኳና አንድ ሰው ያነሣውን ታንኳ አይቻለሁ። ሕጉ ይለያቸው። ሌላ የምለው የለኝም።" ተቀመጡ።

ሳምሶንም ተጠየቀ። ቆሞ፣ "መሥሪያ ቤታችን የኮሚቴውን ማሻሻያ ተቀብሎታል። የተሻለው እሱ ነው" አለ። ጨዋ ሰው ነው ያልሁት ለዚህ ነው።

አፈ ጉባኤው ድምፅ አሰጡ። ድጋፍ ሲሉ አዳራሹ የእጅ ደን ሆነ። ተቃውሞ ሲሉ አንድም የለም። ድምፀ ተአቅቦ ሲሉ አንድም የለም። አዋጁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በአዳራሹ እልልታ አይፈቀድም፤ ወይዘሮ ዘርትሁን ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልል አሉ፤ የኋላው ረድፍም ተቀበላቸው። አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን አንሥተው፣ ሳይመቱበት መልሰው አስቀመጡት። መምህር ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ አየኋቸው።

ስንወጣ በር ላይ ያዙኝ። "ቃለ ጉባኤው ላይ የአዛሉን ስም አስገብተሻል?"

"አስገብቻለሁ። ከነቃሏ።"

"ጎሽ" አሉ። ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዱ። ለቆላ ድባ ሰው የሚነግሩት ነገር ነበራቸው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ኪዳን አድርሼ፣ ልጄን ቤዛን ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤታችን ወሰድሁና ወደ ጀልባ መውረጃው ወረድን። አዛሉ እንጨቷን አራግፋ ልትመለስ ነበር። አንቀጹን ከነትርጓሜው አነበብሁላት። ሌሎቹ ባለ ታንኳዎችም ከበቡኝ። አንድ ጊዜ አይበቃም አሉ፤ ሦስት ጊዜ አነበብሁ።

"እንግዲህ ደሴቱን እንሳለም፤ አሻግሪን" አልኋት።

"ልጅቱንም?"

"ልጅቱንም።"

አዛሉ የታንኳዋን አፍ በአንድ እጇ ከውሃው ብድግ አድርጋ ክብደቱን አየች፤ ውሃ አልጠገበም። መልሳ አስቀመጠችው። ቤዛን አቅፌ ገባሁ፤ ጫማችንን ጭናችን ላይ ያዝን። አዛሉ ዘንጉን ተክላ ገፋችው።